ድምፅ ከመስጠታችን በፊት፦ የሁለት አየር መንገዶችን የመካኒክ ክፍያ እንዴት ነው በትክክል የሚያወዳድሩት?

ሌሊት_ሽፍት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ አሜሪካ ውስጥ በአየር መንገድ መካኒክነት ለምትሠሩና የዩኒየን ድርድር ለምታውቁ ነው። ዩኒየናችን ከኩባንያው ጋር ጊዜያዊ ስምምነት (ቲኤ) ላይ ደርሷል፤ ለድምፁ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ብሬክ ሩም ውስጥ የሚዞረው ወረቀት ላይ ያለው ግን አንድ መስመር ነው፦ የኛ ቶፕ-አውት (የመጨረሻው ከፍተኛ ተመን) በሰዓት 57 ዶላር፣ የሌላው አየር መንገድ 59 ዶላር። "በ2 ዶላር ተበልጠናል፣ ኖ በሉ" የሚባለው ከዚያ ተነስቶ ነው። ስማቸውን ትቼ እኛን "ሀ"፣ እነሱን "ለ" ልበላቸው።

እስካሁን የሰበሰብኩት ይህን ነው።

ሀ፦ ቤዝ (መነሻ ተመን) 50፣ የላይሰንስ ጭማሪ 5.50 (ለኤርፍሬም ማለትም ለአውሮፕላኑ አካል 2.75፣ ለፓወርፕላንት ማለትም ለሞተር 2.75)፣ የላይን (በበረራዎች መካከል የሚሠራ ጥገና) ጭማሪ 1.50። 401ኬ (የጡረታ ቁጠባ) ላይ ሠራተኛው 5 በመቶ ካስገባ ኩባንያው 5 በመቶ ይጨምራል። የቤተሰብ ጤና ኢንሹራንስ ከደመወዝ በወር 300 ይቆረጣል።

ለ፦ ሁሉም ተጠቃሎ 59። 401ኬ ላይ ኩባንያው 3 በመቶ ያስገባል፤ ሠራተኛው አስገባ አላስገባ። ኢንሹራንስ በወር 520።

አሁን ያለው የኛ ቤዝ 45 ነው። ኮንትራቱ አሜንደብል (ለለውጥ ድርድር ክፍት) ከሆነ 3 ዓመት ሞልቶታል። ለዚያ ጊዜ ማካካሻ ብለው ለእያንዳንዱ ሰው 10,000 ዶላር የፊርማ ቦነስ አስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ለ4 ዓመት በየዓመቱ 2 በመቶ ጭማሪ አለ። ከዚህ ውጭ ምን ምን ነገር ማየት አለብኝ? 10,000ውስ ሬትሮ (ወደ ኋላ ተሰልቶ የሚከፈል ጭማሪ) ይባላል?

---

ቶርክ_ሬንች፦

ሰላም ወንድም። 57ም 59ም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸው። ኪስ የሚገባውን ግን ሁለቱም አይናገሩም። ራስህ ባስቀመጥከው ብቻ እንሥራው። የሙሉ ጊዜ ዓመት 2,080 ሰዓት ነው፤ 40 ሰዓት በ52 ሳምንት።

ሀ፦ 57 በ2,080 ሲባዛ 118,560። የኩባንያው 5 በመቶ 5,928 ይጨመር። ኢንሹራንስ 3,600 ይቀነስ። 120,888 ዶላር።

ለ፦ 59 በ2,080 ሲባዛ 122,720። 3 በመቶው 3,681.60 ይጨመር። ኢንሹራንስ 6,240 ይቀነስ። 120,161.60 ዶላር።

"ተበለጠ" የተባለው ሀ በዓመት በ726.40 ይበልጣል። በዚህ ልዩነት ድምፁን የሚወስን ሰው ባይኖርም የ2 ዶላሩ ወሬ የት እንደቀለጠ አየህ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የሀ 5 በመቶ ማች ነው። 401ኬ ውስጥ ምንም የማያስገባ ሰው ከኩባንያው ምንም አያገኝም፤ የሱ ሒሳብ 114,960 ላይ ይቆማል፣ ማለትም ከለ በ5,201.60 ያንሳል። ስለዚህ አንዱ ወረቀት ለሁለት ጓደኛሞች ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል።

አሁን ወደ ኦቨርታይም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። ከሳምንት 40 ሰዓት በላይ ለሠራ አንድ ተኩል ይከፈል የሚለው የፌዴራል ሕግ (ኤፍኤልኤስኤ) በሬልዌይ ሌበር አክት (የባቡርና የአየር መንገድ የሥራ ግንኙነት ሕግ) ሥር ያለን የአየር መንገድ ሠራተኞች አይመለከተንም፤ በግልጽ ነፃ ያወጣን አንቀጽ አለ። የኛ አንድ ተኩልና ደብል ታይም የቆመው ኮንትራቱ ላይ ነው። ኮንትራቱ የሚለውን ታገኛለህ፣ የማይለውን አታገኝም። በነገራችን ላይ ከ2025 ጀምሮ የወጣው የኦቨርታይም የታክስ ቅናሽም የተጻፈው በዚያው ሕግ መሠረት ለሚከፈል ኦቨርታይም ነው፤ "ኦቨርታይማችን ከታክስ ነፃ ሆነ" እያሉ ቲኤውን የሚያሰሉ ሰዎች ካሉ ቆም ብለው ያስቡበት።

ኮንትራቱ ውስጥ መጀመሪያ የምትፈልገው ማባዣው ምን ላይ እንደሚያርፍ ነው። ሀን ውሰድ። አንድ ተኩሉ ሙሉውን 57 የሚያባዛ ከሆነ የኦቨርታይም ሰዓት 85.50 ነው። ቤዙን ብቻ አባዝቶ ላይሰንስና ላይኑን እንዳለ የሚጨምር ከሆነ 75 ሲደመር 7፣ 82 ዶላር። በሰዓት 3.50 ልዩነት፤ በዓመት 300 ሰዓት ኦቨርታይም ለሚሠራ 1,050 ዶላር። "ሁሉም ተጠቃሎ 59" የሚሉት ኮንትራቶች አንዱ ጥቅማቸው ይሄ ነው፤ ፕሪሚየሙ (የላይሰንስና የላይን ጭማሪው) ቤዝ ውስጥ ስለገባ አብሮ ይባዛል።

ቀጥሎ ኦቨርታይሙ መቼ ይጀምራል? ከ8 ሰዓት በኋላ በየቀኑ ነው ወይስ ከ40 ሰዓት በኋላ በሳምንት? በሁለተኛው ደይ-ኦፍ ደብል ታይም ካለ፣ "በሳምንቱ 40 መደበኛ ሰዓት የሠራ" የሚል ቅድመ ሁኔታ ተለጥፎበታል? ከተለጠፈበት ማክሰኞ ሲክ የደወለ ሰው እሑድ ደብሉን አያገኝም። ሽፍት የተቀያየረ ሰው የሠራው ሰዓትስ ለማን ይቆጠራል? ብዙ ጊዜ ስዋፕ ለኦቨርታይም አይቆጠርም።

የምሳ ሰዓት ይከፈላል? ይህን ወረቀት ላይ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። ለ ውስጥ ምሳው የማይከፈል 30 ደቂቃ ከሆነ ሰውየው 8.5 ሰዓት ተገኝቶ የ8 ይከፈለዋል። 59 በ8 ሲባዛ 472፣ ለ8.5 ሲካፈል 55.53። በተገኘበት ሰዓት ስታሰላው ከሀ 57 በታች ወረደ።

አራት በአሥር (በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 10 ሰዓት) ለምትሠሩ ደግሞ ዕረፍቱ በቀን ነው ወይስ በሰዓት የተጻፈው? 15 ቀን ማለት 150 ሰዓትም 120 ሰዓትም ሊሆን ይችላል። ሆሊደይም እንደዚያው፤ አሥር ሰዓት የሚሠራ ሰው የ8 ሰዓት ሆሊደይ ከተከፈለው የቀረውን 2 ሰዓት ከዕረፍቱ ይሞላል ወይ ያጣዋል።

የሌሊት ልዩነት በሳንቲም የተጻፈ ከሆነ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ይቆማል፤ ቤዙ ሲያድግ እሱ አያድግም። በመቶኛ ከሆነ አብሮ ይሄዳል። የዩዘር ስምህ የሚለው እውነት ከሆነ ይሄ አንተን ይመለከታል።

---

ሴክሽን_6፦

ቶርክ ሬንች ስለ ሰዓቱ ተናግሯል፤ እኔ ስለ ካላንደሩ ልጨምር። በኔ እምነት ሰው የሚጎዳው እዚያ ነው።

ሬልዌይ ሌበር አክት በ1926 ለባቡር ወጣ፣ በ1936 ወደ አየር መንገድ ተሰፋ። በዚህ ሕግ ሥር ኮንትራት ጊዜው አያልቅም፤ አሜንደብል ይሆናል እንጂ። ያ ቀን ሲደርስ አሮጌው ኮንትራት እንዳለ ይቀጥላል፤ ሁለቱም ወገን ነገሩን ባለበት እንዲያቆዩ ይገደዳሉ። ደመወዝህም የመጨረሻው ጭማሪ ባቆመበት ይቀራል። ለምን ያህል ጊዜ? ሕጉ ቀነ ገደብ አልሰጠም። የሳውዝዌስት መካኒኮች ከ2012 ጀምረው እስከ 2019 ተደራደሩ። የአሜሪካን አየር መንገድ መካኒኮች ከ2015 መጨረሻ እስከ 2020 መጋቢት።

ስለዚህ 10,000ው ሬትሮ ነው ወይ ላልከው፣ ሒሳቡን እንሥራ። 45 ዶላር በእነዚያ 3 ዓመታት በየዓመቱ 3 በመቶ ቢያድግ ኖሮ ይህን ይመስል ነበር፦

1ኛ ዓመት 46.35፤ ያጣኸው 1.35 በ2,080 ሲባዛ 2,808።
2ኛ ዓመት 47.74፤ ያጣኸው 2.74 በ2,080፣ 5,699.20።
3ኛ ዓመት 49.17፤ ያጣኸው 4.17 በ2,080፣ 8,673.60።

ድምሩ 17,180.80 ነው፤ ያለ ኦቨርታይም፣ ያለ 401ኬ። ስለዚህ 10,000ው የፊርማ ቦነስ ነው። እውነተኛ ሬትሮ በተከፈለህ ሰዓት ሁሉ ላይ፣ ኦቨርታይሙን ጨምሮ፣ በአዲሱና በአሮጌው ተመን መካከል ያለው ልዩነት ተሰልቶ የሚሰጥ ነው። ቦነሱ ለሁሉም እኩል ሲሆን ደግሞ ትርፍ ሰዓት በብዛት የሠራው ይጎዳል፤ በቅርብ የተቀጠረው ያተርፋል። ኩባንያዎች እኩል ክፍያ የሚወዱት ለዚህም ነው፤ የድምፅ ቁጥሩ አዲሶቹ ዘንድ ከሆነ ያልፋል።

አሁን አራተኛው ዓመት ላይ ስለሆናችሁ 45 በ3 በመቶ ሲሄድ ዛሬ 50.65 ደርሶ ነበር። ቲኤው የሚሰጣችሁ 50 ነው። "11 በመቶ ጭማሪ" ተብሎ የተለጠፈው ነገር በዓመት ከ3 በመቶ በታች ነው ማለት ነው፤ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ሲታይ።

ከዚያ የጭማሪው ቅርጽ አለ። ከ45 ተነስተን ሁለት የ5 ዓመት አማራጭ እንይ።

አንደኛው ስትፈርም 15 በመቶ፣ ከዚያ 4 ጊዜ 2 በመቶ፦ 51.75፣ 52.79፣ 53.84፣ 54.92፣ 56.02።
ሁለተኛው ስትፈርም 9 በመቶ፣ ከዚያ 4 ጊዜ 4 በመቶ፦ 49.05፣ 51.01፣ 53.05፣ 55.17፣ 57.38።

በ5ቱ ዓመት አንደኛው በድምሩ 7,612.80 ዶላር የበለጠ ይከፍላል። ገንዘቡን ቶሎ ማግኘት ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰውም እዚህ ሒሳቡን ይዘጋል። ግን መጨረሻው ላይ ሁለተኛው በሰዓት 1.36 ይበልጣል፣ በዓመት 2,828.80። አሜንደብል ከሆነ በኋላ የምትኖረው በዚያ የመጨረሻ ተመን ነው። የሚቀጥለው ድርድር 3 ዓመት ቢፈጅ 8,486.40 ይሆናል፤ አንደኛው የሰጠህን ብልጫ ይውጠዋል። መገናኛው 2 ዓመት ከ8 ወር አካባቢ ነው። ድርድሮች ከዚያ በላይ ሲዘልቁ አይተናል።

ዩኒየናችሁን የምትጠይቁት ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከአሜንደብል ቀን በኋላ የሚቀጥል ጭማሪ ተጽፏል? "ድርድሩ ካልተቋጨ በየዓመቱ ይህን ያህል በመቶ" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከ10,000 ዶላር ቦነስ ይሻለኛል። ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ከሌሎች አየር መንገዶች ጋር የሚያስተያይ አንቀጽ ነው። ዩናይትድና የመካኒኮቹ ዩኒየን ቲምስተርስ በ2016 ያጸደቁት ኮንትራት ውስጥ ከአሜሪካንና ከዴልታ ጋር እያነጻጸሩ ክፍያን የሚያስተካክሉበት አሠራር ነበረበት። እንዲህ ያለ አንቀጽ ካለ ሒሳቡ ውስጥ ምን ምን እንደሚገባ አንብቡ፦ ቤዝ ብቻ ነው ወይስ ጡረታና ዕረፍትም? ጠብ የሚነሳው ሁሌም እዚያ ላይ ነው።

---

ሌሊት_ሽፍት፦

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምሳው ለ ጋ እንደማይከፈል አረጋግጫለሁ፤ የኛ ይከፈላል። የኛ ቲኤ ውስጥ ከአሜንደብል በኋላ የሚቀጥል ጭማሪ የለም። ደብል ታይሙ ላይም ያ የ40 ሰዓት ቅድመ ሁኔታ አለበት፤ ሃይላይት ወረቀቱ (የቲኤው ማጠቃለያ) ላይ ግን አልተጻፈም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። ኢንሹራንሱ 300 የሚለው ለ5 ዓመት የሚቆይ ነው ብለን ነው ያሰብነው፤ ቲኤው ላይ "ከጠቅላላ ወጪ 15 በመቶ" ይላል። ችግር አለው? ሁለተኛ፣ ሄቪ ቼክ (ከባድ የአውሮፕላን ጥገና) ወደ ውጭ ድርጅት የመላክ ገደቡ ላይ ቃል ተቀይሯል፤ ይሄን በገንዘብ ማስላት ይቻላል?

---

የሃንጋር_ልጅ፦

ኢንሹራንሱን ልመልስ። 300 የቁጥር ቃል ኪዳን አይደለም፤ የዛሬው 15 በመቶ ነው። ያ ማለት ጠቅላላ ወጪው ዛሬ በወር 2,000 ነው። ወጪው በዓመት 7 በመቶ ያድጋል ብለን ብንይዝ (ለስሌቱ ነው) በአምስተኛው ዓመት 2,621.59 ይደርሳል፤ የናንተ 15 በመቶ 393.24። ከዛሬው በወር በ93.24 ይበልጣል፣ በዓመት 1,118.88፤ በሰዓት ሲመነዘር 54 ሳንቲም ገደማ። ከናንተ 2 በመቶ ጭማሪ የአንዱ ዓመት ግማሹ እዚያ ይሄዳል። መቶኛ ሊቀር ካልቻለ "በዓመት ከዚህ በላይ አይጨምርም" የሚል ጣሪያ ይጠየቃል።

የወር መዋጮው ብቻ አይደለም። ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪስህ የምትከፍለው) እና ከኪስህ የሚወጣው የዓመቱ ጣሪያ ኮንትራቱ ውስጥ ተጽፈዋል ወይስ "ኩባንያው ለሌሎች ሠራተኞች የሚያቀርበው ፕላን" ይላል? ሁለተኛው ከሆነ መዋጮህ ሳይነካ ፕላኑን በየጥቅምቱ ሊቀይሩት ይችላሉ። ዲዳክቲብሉን ከ500 ወደ 2,000 ሲወስዱት መዋጮው ያው 15 በመቶ ነው።

401ኬ ላይ ደግሞ 5 በመቶው የምን 5 በመቶ ነው? "ብቁ ገቢ" የሚለው ትርጉም ኦቨርታይምን ያካትታል? 20,000 ዶላር ኦቨርታይም የሠራ ሰው 1,000 ዶላር ያገኛል ወይም ያጣል፣ በአንድ ትርጓሜ ምክንያት። የፊርማ ቦነስ ብዙ ጊዜ አይካተትም፤ ሬትሮ ግን ደመወዝ ስለሆነ እንዲካተት መጠየቅ ተገቢ ነው። ቦነሱ ሲከፈል የፌዴራል ታክስ በአብዛኛው በ22 በመቶ ይቆረጣል፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ 6.2 እና ሜዲኬር 1.45 ጋር፤ ከ10,000 ውስጥ ከስቴት ታክስ በፊት 7,035 ነው እጅህ የሚገባው። 22ቱ ቅድመ ቅነሳ ነው፤ ዓመቱ ሲዘጋ ይስተካከላል።

አሮጌ ጡረታ (ዲፋይንድ ቤኔፊት) ያለበትን አየር መንገድ ስታወዳድሩ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዩናይትድ ኪሳራ ፍርድ ቤት ሆኖ በ2005 ጡረታዎቹን ወደ መንግሥት ዋስትና ድርጅት (ፒቢጂሲ) አስተላለፈ። ድርጅቱ የሚከፍለው በሕግ እስከተቀመጠው ጣሪያ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ የተጠበቀው ቀረ። 401ኬ ውስጥ የገባ ብር ግን በስምህ ነው፤ ቬስቲንጉ (የኩባንያው ድርሻ ሙሉ በሙሉ ያንተ እስኪሆን የሚፈጀው ጊዜ) ስንት ዓመት እንደሆነ ብቻ እዩ።

ፕሮፊት ሼሪንግን (ከኩባንያው ትርፍ ለሠራተኛ የሚከፋፈለውን) ቤዝ ላይ ደምረው የሚያወዳድሩ ሰዎች አሉ። የዴልታ ቀመር የታወቀ ነው፦ ከታክስ በፊት ካለው ትርፍ እስከ 2.5 ቢሊዮን ዶላር 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው 20 በመቶ። በጥሩ ዓመት ትልቅ ገንዘብ ነው። የዴልታ መካኒኮች ግን ዩኒየን የላቸውም፤ ያ ቀመር የኩባንያ ፖሊሲ ነው፤ በኮንትራት የታሰረ አይደለም። እኔ በሰንጠረዤ ውስጥ ለብቻው ዓምድ እሰጠዋለሁ እንጂ ከሰዓት ክፍያ ጋር አልደምረውም። የመጥፎ ዓመት ቁጥሩ ዜሮ ነው።

የሲክ ጉዳይም አለ። ስንት ሰዓት እንደሚጠራቀም ሁሉም ያያል፤ የተጠራቀመውን መጠቀም የሚያስቀጣ የነጥብ ፖሊሲ መኖሩን ግን ማንም አያይም። ያ ፖሊሲ ኮንትራት ውስጥ የለም፤ ኩባንያው ይጽፈዋል። 800 ሰዓት ባንክ ኖሮህ በአራተኛው ሲክ ጥሪ ማስጠንቀቂያ የምትቀበል ከሆነ 800ው ዋጋው ያንሳል። ጡረታ ስትወጣ ያልተጠቀምክበት ሰዓት ወደ ሕክምና ሒሳብ ይቀየራል? በስንት ምጣኔ? በ60 ዓመቱ የሚወጣ ሰው ሜዲኬር እስኪደርስ 65ን መጠበቅ አለበት፤ ያን 5 ዓመት የሚሸፍንለት ያ ነው።

---

ቶርክ_ሬንች፦

የሄቪ ቼኩን እኔ ልያዝ። በገንዘብ ማስላት ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ቃሉን ማየት አለብህ።

ገደቡ በምን ይለካል? በሰው-ሰዓት፣ በወጪ ዶላር፣ በአውሮፕላን ብዛት ወይስ በቼክ መስመር? "ከጠቅላላ የጥገና ወጪ ከ30 በመቶ አይበልጥም" የሚለውን ተመልከት (ቁጥሩ ለምሳሌ ነው)። ወጪ በዶላር ከተለካ የውጭ ሃንጋር የሰው-ሰዓት ዋጋ ርካሽ ስለሆነ በዚያው 30 በመቶ ብዙ ሥራ ይወጣል። የናንተ ሰዓት 57፣ የነሱ ግማሹ ቢሆን በዶላር 30 በመቶ የተባለው በሰዓት ወደ 46 በመቶ ይጠጋል። ሠራተኛ የሚያስቀረው የሰው-ሰዓት መለኪያ ነው። ዋራንቲ ሥራና የሞተር ኪራይ ከስሌቱ "ነፃ" ከሆኑ ደግሞ ገደቡ ይላላል፤ አዲስ ሞተሮች በሰዓት ክፍያ ውል ለአምራቹ ስለሚሰጡ አብዛኛው የሞተር ሥራ በዚያ በር ይወጣል።

ከዚያ ማን ይጠበቃል? "በፊርማ ቀን በዝርዝሩ ላይ ያሉ" የሚል ከሆነ ከናንተ በኋላ የሚቀጠረው አይጠበቅም። "ከኩባንያው ቁጥጥር ውጭ በሆነ ምክንያት ካልሆነ በቀር" የሚለው ልዩ ሁኔታ ምን ምን ይዘረዝራል? የነዳጅ ዋጋና የኢኮኖሚ ድቀት ገብተውበት ከሆነ ጥበቃው ለደህና ቀን ብቻ ነው።

ያለ ጠንካራ ስኮፕ (ሥራው ለኛ እንዲቆይ የሚጠብቅ አንቀጽ) ትልቅ ተመን ምን እንደሚሆን ከኖርዝዌስት አየር መንገድ የ2005 ታሪክ ይታወቃል። ኩባንያው 176 ሚሊዮን ዶላር ቅነሳና ወደ 2,000 የሚጠጋ የሥራ ቦታ መቁረጥ ጠየቀ። ነሐሴ 20 የአምፋ (የመካኒኮቹ ዩኒየን) አባላት ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ተተኪ ሠራተኛና የውጭ ሃንጋር አዘጋጅቶ ስለነበር መብረሩን ቀጠለ። አድማው በ2006 ኅዳር ሲዘጋ የተመለሰው ሰው ጥቂት ነበር።

በገንዘብ ለማስላት ከፈለግህ የራስህን ሲኒየሪቲ ቁጥር (በአገልግሎት ዘመን ያለህን ተራ) ውሰድ። በምትሠራበት ጣቢያ ካለው ሃንጋር ስንት ቦታ ቢዘጋ ዝርዝሩ አንተ ጋ ይደርሳል? ከደረሰ፣ ከቦታህ ስትነሳ በሲኒየሪቲ የሚያንስህን ሰው ገፍተህ የምትገባው የት ከተማ ነው? የማዛወሪያ ወጪ ይከፈላል? ሪኮል (ወደ ሥራ ተመልሶ የመጠራት) መብትህ ስንት ዓመት ይቆያል?

---

ሴክሽን_6፦

ከቶርክ ሬንች ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የኖርዝዌስቱ ትምህርት ስለ ስኮፕ ብቻ ሳይሆን ስለ ጊዜም ነው። ኩባንያው አድማው ከተጀመረ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ መስከረም 14 ላይ ባንክራፕሲ ገባ። ባንክራፕሲ ፍርድ ቤት ኮንትራት መሰረዝ ይችላል፤ የትኛውም ስኮፕ እዚያ በር ላይ ይደክማል።

"ኖ" ለሚሉ ሰዎች ግን ቀጥሎ የሚሆነውን ልንገር፤ ብዙዎች በማግሥቱ አድማ ያለ ይመስላቸዋል። ቲኤ ሲወድቅ ወደ ጠረጴዛ ይመለሳሉ። ናሽናል ሚዲየሽን ቦርድ ጉዳዩን ከያዘው ስብሰባ የሚጠራው አስታራቂው ነው፤ ወገኖቹ ካልበሰሉ ለወራት ሊያቆየው ይችላል። አድማ የሚፈቀደው ቦርዱ የግልግል ዳኝነት አቅርቦ አንዱ ወገን እምቢ ካለ፣ ከዚያ 30 የማቀዝቀዣ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። በዚያም ላይ ፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ቦርድ ካቋቋመ ሌላ 60 ቀን። ከዚያ በፊት በጋራ ኦቨርታይም እምቢ ማለት ወይም አውሮፕላን ሆን ብሎ ማዘግየት ሕገወጥ ነው። በ2019 ፎርት ዎርዝ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በአሜሪካን መካኒኮች ዩኒየኖች ላይ በዚሁ ጉዳይ ቋሚ እገዳ አውጥቷል። እውነተኛ ጉድለት ያገኘ ሰው ግን ይጻፍ፤ ሎግቡክ ላይ የሚሰፍር ስኳክ (የብልሽት ማስታወሻ) ከድርድር ጋር ግንኙነት የለውም።

ስለዚህ "ኖ" ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ይሰላል። በናንተ ቲኤ ቤዙ በ5 ዶላር ይጨምራል። አንድ ዓመት መዘግየት 5 በ2,080፣ 10,400 ዶላር ነው፤ ሬትሮ ካላገኛችሁ ማለት ነው። ሁለተኛው ቲኤ ያንን ለመመለስ በቀረው 5 ዓመት በሰዓት 1 ዶላር የበለጠ ማምጣት አለበት። ይቻላል፤ የሳውዝዌስቱ በ2019 ሲጸድቅ ወዲያውኑ 20 በመቶ ጭማሪና ለሁሉም የሚከፋፈል 160 ሚሊዮን ዶላር ነበረው፣ ከ6 ዓመት በላይ ጠብቀው። "ኖ" የሚል ሰው ለዩኒየኑ ምን እንዲቀየር እንደሚፈልግ በጽሑፍ ይስጥ። "ትንሽ ነው" ብሎ የጣለውን ቲኤ ተደራዳሪዎቹ በየትኛው አንቀጽ እንደሚያሻሽሉት አያውቁም፤ ኩባንያው ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ አዛውሮ ይመልሰዋል።

---

ሌሊት_ሽፍት፦

ገባኝ። እኔ የምጠይቀውን ጽፌ እሰጣለሁ፦ ከአሜንደብል በኋላ የሚቀጥል 3 በመቶ፣ የኢንሹራንስ ጣሪያ፣ የሄቪ ቼክ ገደብ በሰው-ሰዓት። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ሙሉውን ቲኤ ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው የትኛው ገጽ ይቅደም?

---

የሃንጋር_ልጅ፦

ከኋላ ጀምር። መጨረሻ ላይ ያሉት የስምምነት ደብዳቤዎች (ኤልኦኤ) ናቸው ሰው የማያነባቸው። አሮጌው ኮንትራት ላይ የነበሩትን ቁጠር፣ አዲሱ ላይ ያሉትን ቁጠር፤ የጠፋ ካለ ምን እንደነበረ ፈልግ። የሮድ ትሪፕ (ለጥገና ወደ ሌላ ከተማ የሚደረግ ጉዞ) ክፍያ ከቤት እስከ ቤት መሆኑ፣ ወይም ሞተር ራን-አፕ (መሬት ላይ አስነስቶ መፈተሽ) እና ታክሲ (አውሮፕላኑን መሬት ላይ መንዳት) የሚያደርግ ሰው ፕሪሚየም፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው የሚኖረው። ከዚያ የትርጓሜ ክፍሉን፣ ቀጥሎ ኦቨርታይም፣ ስኮፕ። የደመወዙን ሰንጠረዥ መጨረሻ ላይ እየው፤ እሱን ለማንኛውም ሰው ሁሉ ነግሮሃል።

ቦነሱ አንቀጽ ላይ ደግሞ "በጸደቀበት ቀን በደመወዝ ዝርዝር ላይ ያለ" የሚል ካለ ጡረታ ሊወጡ ወረቀት ያስገቡ ሰዎችን አስጠንቅቁ። የመጽደቂያው ቀንና የመውጫቸው ቀን በአንድ ሳምንት ቢተላለፍ 10,000ው ይቀርባቸዋል፤ የመውጫ ቀን ማራዘም ደግሞ ከጸደቀ በኋላ አይሠራም።